ብዙ ላገቡ የሚሰጥ ዋንጫ

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ግድግዳውን ኖራ ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ጥይት የበሳሳውን በሲሚንቶ ደፍኖ ሲያበቃ በላዩ ኖራ እየደረበበት ነው። ካርቱም ሁለት፣ ሰፈራችን፣ አሁን እንዲህ ሆናለች፤ ከጦርነቱ ሸሽቶ የተመለሰ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ቀዳዳ መድፈን ነው። እኔ ደግሞ የውኃውን ጀሪካን ደረጃው አጋማሽ ላይ አስቀምጬ ትንፋሼን እየሰበሰብኩ ነበር። የርጥብ ኖራ ሽታ ቀዝቃዛ ነው፤ ጉሮሮን ይቆነጥጣል። ተቀመጥኩ። ለእረፍት የተቀመጥኩ መስሎኝ ነበር። ግን ገና ቁጭ ከማለቴ የታየችኝ ከተማው ዳር ያለችው ሶባ ናት፤ የሶባ ሜዳ፣ አርብ ከሰዓት፣ ዙሪያው በኖራ ተሰምሮ፣ ፀሐዩ ነጩ መስመር ላይ ሲያርፍ ዓይን እየወጋ።

ምን ልበልሽ፣ ልጅ ነበርኩ። በድርቁ ጊዜ ከአክስቴ ጋር ከወሎ ወጥተን፣ ድንበር ተሻግረን፣ ካርቱም ከገባን ብዙም አልቆየንም። እኔ አል-ማንሺያ፣ ናይል ዳር ካሉት ትልልቅ ቤቶች በአንዱ ሠራተኛ ሆኜ ገባሁ። ሳምንቱን ሙሉ የሰው ወለል ስወለውል፣ የሰው ልጅ ሳጥብ እቆይና አርብ ሲሆን እመቤቲቱ ከሶፋዋ ሳትነሳ፣ “ያላ ሂጂ፤ ነገ በጠዋት” ትለኛለች። ቶቤን፣ ያን የሱዳን ሴቶች ረጅም መጎናጸፊያ፣ ተከናንቤ እወጣለሁ። ከዚያ ሃፍላ ነው፤ ሃፍላ የሚሉት ሚኒባሱን ነው። እስከ ሶባ ድረስ አቧራና ናፍታ እየጠጣሁ፣ ጭኔ ላይ የሰው ዶሮ ወይ የሰው ሽንኩርት ታቅፌ እሄዳለሁ። አክስቴ የተከራየችው ቤት እዚያ ነበር።

ቤት አልኩ እንጂ አንዲት ክፍል ናት። ግቢው፣ እነሱ ሆሽ ይሉታል፣ የጭቃ አጥር ያለው ሆኖ ሦስት ክፍል ነበረው። መሐሉ ላይ ለሁላችን የሚሆን ትልቅ የውኃ እንስራ ቆሟል። አንዱ ክፍል የእኛ ነው። በአንዱ ልብስ ሰፊው ይኖራል፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ደረቱ ላይ መርፌ የሚሰካ። በሌላው ዳቦ ጋጋሪው ይኖራል፤ ሰፊ ትከሻ ያለው፣ ቅንድቡ በምድጃ ወላፈን የተቃጠለ። ሁለቱም በፖለቲካ ምክንያት የተሰደዱ፣ የተማሩ ሰዎች ናቸው። አገር ቤት ቢሆኑ አንዱም ልብስ አይሰፋም፣ አንዱም ዳቦ አይጋግርም ነበር።

ሁለቱ አይነጋገሩም።

“ለዚያ ሰውዬ ውኃ መጥቷል በይው” ይለኛል ልብስ ሰፊው። ያ ሰውዬ እጁን ቢዘረጋ የሚነካው ቦታ ቆሞ እየሰማ ነው። ዞር ብዬ፣ “ውኃ መጥቷል” እላለሁ።

“ሰምቻለሁ በይው።”

እዞራለሁ። “ሰምቷል።”

በመጀመሪያ ሳቄ ይመጣ ነበር። ኋላ አክስቴ ነገረችኝ። አገር ቤት ሁለቱ በሁለት ድርጅት ነበሩ፤ ድርጅቶቹም እርስ በርሳቸው ይገዳደሉ ነበር። የልብስ ሰፊው ታናሽ ወንድም ገና ተማሪ ሳለ መንገድ ላይ ተገደለ። የገደሉት የዳቦ ጋጋሪው ድርጅት ሰዎች ናቸው። ዳቦ ጋጋሪውም በዚያን ሰሞን በዚያች ከተማ ነበር። ይህን ስደተኛው ሁሉ ያውቀዋል። ከዚህ ያለፈውን ግን የሚያውቅ የለም፤ የሚጠይቅም አልነበረም።

“ታዲያ ለምን አንዳቸው ግቢውን አይለቁም?” አልኳት።

“የለቀቀ ተሸነፈ ሊባል ነዋ” አለች አክስቴ። “ወንዶች አይደሉ!”

ዋንጫውን ያመጣው ኡስታዝ ነው። ኡስታዝ የምንለው አስተማሪ ስለነበረ ነው፤ አገር ቤት ስፖርት ያስተምር ነበር። ካርቱም ውስጥ ግን አል-ማንሺያ፣ እኔ ከምሠራበት አጠገብ ያለው ቤት ዘበኛ ነበር። በሩ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ትንሽ ሬዲዮውን ጆሮው ላይ ለጥፎ የእንግሊዝ ኳስ ይሰማል። በወጣትነቱ ለሥልጠና እንግሊዝ አገር ተልኮ አንድ ክረምት ከርሞ ነበር። ቆሻሻ ልደፋ ስወጣ እያቆመ የሚያወራኝ ስለዚያ ክረምት ነው፤ በተለይ ስለ አንድ ዋንጫ።

ያ ዋንጫ ብዙ ዕድሜ አልነበረውም አለኝ። ጥቂት ዓመት ኖሮ ቀረ። ገንዘቡን የሚሰጠው የቢራ ጠማቂ ነበር። “ይህን እዚህ አገር ጮክ ብለሽ እንዳታወሪ” ይላል፤ መጠጥ በሕግ የተከለከለበት ጊዜ ነው። ውድድሩ የሚደረገው ዋናው የኳስ ወቅት ከመጀመሩ በፊት ነው። የሚጠሩት ደግሞ ትልልቆቹ ሻምፒዮኖች አይደሉም። ባለፈው ዓመት ብዙ ጎል ያገቡ፣ ነገር ግን ምንም ያላገኙ ቡድኖች ናቸው። ወደ ላይኛው ምድብ ያላደጉ፣ ዋንጫ ያልበሉ።

“ለምን እነሱን?” አልኩት።

“እንዲጫወቱ ነዋ! የሚያገባ ሰው ያስደስታል። ባያሸንፍም ያስደስታል።” ከዚያ ሬዲዮውን ዝቅ አድርጎ፣ “እኛን አይመስሉም?” አለኝ። “ብዙ ለፍተን፣ ምንም ሳንበላ የቀረን።”

ኡስታዝ ከዚያ ዋንጫ አንድ ጨዋታ በዓይኑ አይቷል። በሰሜን በኩል ባለች የወደብ ከተማ፣ ትንሹ ቡድን ትልቁን ገጥሞ እኩል ወጡ። ተጨማሪ ሰዓት ተጫውተውም አልተለያዩም። ድሮ በሳንቲም ነበር የሚለየው። ያን ቀን ግን ተራ በተራ ከነጥቡ ላይ ይምቱ ተባለ። እዚያ አገር እንዲህ ያለ የመለያ ምት በወግ ሲደረግ የመጀመሪያው ነበር ይላል ኡስታዝ። የትንሹ ቡድን በረኛ የአንዱን ዝነኛ ምት አድኖ፣ መጨረሻ ላይ ራሱ ወጥቶ መታና ሳተ። “አዳነ፣ ከዚያ ሳተ” ይላል ኡስታዝ፣ ራሱን እየነቀነቀ። ከኳሱ ሁሉ የማረከው ያ ሰውዬ ይመስለኛል።

ስደተኞቹ የኳስ ቡድን ነበራቸው፤ ግን እያንዳንዱ ቡድን የአንድ ድርጅት ነበርና ጨዋታው ሁሉ በድንጋይ ነበር የሚያልቀው። ኡስታዝ ሶባ ድረስ በሃፍላ እየመጣ ሁሉንም ለመነ። ዋንጫ እናዘጋጅ፤ ብዙ ያገባ ይጠራ፤ ቡድኑ የድርጅት ስም አይያዝ፤ ወንዝ ይሁን አለ። አዋሽ፣ ተከዜ፣ ባሮ፣ በሽሎ። ሰው ግን አይስትም። አዋሽ የማን እንደሆነ፣ ተከዜ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ልብስ ሰፊው የአዋሽ አጥቂ ሆነ፣ ዳቦ ጋጋሪው የተከዜ በረኛ።

አክስቴ ነገሩን የሰማችው ከእኔ ነው።

“ብዙ ላገቡ ወንዶች ዋንጫ ሊሰጥ ነው” ብላት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ስንት ያገቡ?”

“ከሁሉም የበለጠ ያገቡ።”

“አላህ ይጠብቀን! እዚህ አንዷን ማስተዳደር ያቃተው ሁሉ፣ ብዙ ስላገባ ሊሸለም?”

ልብስ ሰፊው በሩ ላይ ሆኖ ሰማና ሳቀ። ዳቦ ጋጋሪውም ከክፍሉ ውስጥ ሲስቅ ይሰማል። በአንድ ነገር እኩል ሲስቁ ያን ጊዜ ነው መጀመሪያ የሰማሁት። ወዲያው አንዱ በሩን ዘጋ።

ዋንጫውን የሠራው ገበያ ውስጥ ድስት የሚጠግን ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ነው። የዋንጫው አንዱ ጆሮ ከሌላው ይበልጣል። ኖራውን ኡስታዝ ከሚጠብቀው ቤት ቀለም ሲቀባ ከተረፈው ለምኖ አመጣ። እየረጨ መስመሩን ሲያሰምር ጫማው፣ ቁምጣው፣ ሽፋሽፍቱ ሳይቀር ነጭ ይሆናል። እኔና አክስቴ ከጎሉ ኋላ ጀሪካናችንን ይዘን ተቀምጠን ለደከመው ሁሉ ውኃ እንሰጥ ነበር። ሴቶቹ ከዚህም ከዚያም መጡ። ከአል-ማንሺያ፣ ከካርቱም ሁለት፣ የአርብ እረፍታቸውን ይዘው መጡ። እርስ በርስ ስንተያይ፣ ለካ ይህን ያህል ነን አልን።

ለመጨረሻው ጨዋታ አዋሽና ተከዜ ደረሱ። ያን ቀን ሙቀቱ ኳሱን ያቀልጥ ነበር። ሰው በሁለት ወገን ተከፍሎ ቆመ፤ መሐሉ ላይ ማንም የማይረግጠው ባዶ ቦታ ቀረ። አንዳንዱ ድንጋዩን ከእግሩ ሥር አዘጋጅቷል። ጎል ይገባል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይገባል። እኩል ወጡ። ተጨማሪም ተጫውተው እኩል ወጡ።

“ሳንቲም ይጣል!” አለ አንዱ።

“ሳንቲም ልፋት አያውቅም” አለ ኡስታዝ። ፊሽካውን እንደ ክታብ ጨብጦ መሐል ሜዳ ቆመ፤ ያ የወደብ ከተማው ጨዋታ በዓይኑ ሳይመጣበት አልቀረም። “ይምቱ። ተራ በተራ።”

መቱ። እኔ በረኛው ኋላ ነበርኩ፤ የሚመታው ሁሉ ወደ እኔ የሚመጣ ይመስለኛል። አንዱ ያገባል፣ አንዱ ይስታል። መጨረሻ ላይ የቀረው ልብስ ሰፊው ሆነ። ካገባ ገና ይቀጥላል፣ ከሳተ ተከዜ በላ። ኳሱን አስቀመጠ። አስተካከለው። ደግሞ አስተካከለው። ሩቅ ያለች አህያ ስትጮህ ሰማን።

ከአዋሽ ወገን አንድ ሰው፣ “የወንድምህን!” ብሎ ጮኸ። “የወንድምህን ደም!”

ልብስ ሰፊው ቀና አለ። ወደ ጮኸው ሰው ዞሮ አየው። ረጅም ጊዜ አየው። ፊቱ ላይ ንዴት አልነበረም። እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ብዙ መንገድ የሄደ ሰው ገና ብዙ ቀርቶሃል ሲባል የሚሆነውን ነበር የሆነው። ከዚያ ተንደርድሮ መታው።

ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ የዳቦ ጋጋሪውን ደረት መታው። ድምፁን እስካሁን እሰማዋለሁ። ኳሱን እንዳቀፈ ወደቀ፣ አልተነሳም። ሰው ከሁለቱም ወገን ተነቃነቀ። ኡስታዝ ፊሽካውን እየነፋ ሮጠ፤ ግን ልብስ ሰፊው ቀደመው። ደርሶ በረኛው አጠገብ በርከክ አለ። ጉዳት ሊያደርስበት ነው ብዬ ጀሪካኑን ጥዬ ተነሳሁ።

“ደህና ነህ?” አለው።

ዳቦ ጋጋሪው ዓይኑን ገለጠ። አቧራ የለበሰ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ፣ በተቆራረጠ ትንፋሽ፣ “ደህና ነኝ በይው” አለኝ።

ምን እንደሆነ አላውቅም፣ አፌ እሺ አላለኝም። ሦስታችንም ተያየን። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው አንገቱን ወደ ልብስ ሰፊው መለሰ።

“ደህና ነኝ” አለው።

ልብስ ሰፊው እጁን ይዞ አስነሳው። ድንጋይ ያዘጋጀው ሰው ድንጋዩን በእግሩ ገፋ አደረገ። ዋንጫውን ተከዜ በላ።

ያን ዕለት አመሻሹ ላይ፣ ገና ፀሐዩ አጥሩ ላይ ሳለ፣ ዳቦ ጋጋሪው ሆሹ ውስጥ የገመድ አልጋ ላይ ተጋድሞ አክስቴ ደረቱን በሰሊጥ ዘይት ታሽለታለች። እኔ ሩዝ እለቅማለሁ። ልብስ ሰፊው ወጣና እንስራው አጠገብ ቆመ። ውኃ ቀዳ፤ አልጠጣውም።

“ወንድሜ ሲሞት እዚያ ነበርክ?” አለ።

የአክስቴ እጅ ቆመ።

“ነበርኩ” አለ ዳቦ ጋጋሪው። “እኔ አልተኮስኩም። ግን አብሬያቸው ነው የመጣሁት።”

እኔ አሁን የሚሆነውን ፈርቼ ሩዙን ማየት አቆምኩ። ልብስ ሰፊው ግን ሌላ ነገር ነው የጠየቀው።

“ምን ለብሶ ነበር?”

ዳቦ ጋጋሪው አልጋው ላይ ቀና አለ። “ሸሚዝ” አለ። “ሰማያዊ። እጅጌው አጥሮበት ነበር።”

“አዎ” አለ ልብስ ሰፊው። “እያደገ አስቸገረኝ። አምጣው ላስረዝምልህ ብዬው ነበር።”

ውኃውን ወደ እንስራው መለሰና ክፍሉ ገባ። ትንሽ ቆይቶ የስፌት መኪናው ድምፅ ተሰማ። የሚሰፋ ነገር አልነበረውም፤ አርብ ሥራ አይሠራም ነበር። ዝም ብሎ ይሰፋል። ዳቦ ጋጋሪው ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተኛ። አክስቴ ዘይቱን ክዳኑን ገጥማ፣ “ነዪ፣ እንውጣ” አለችኝና በራችን ላይ፣ መንገድ ዳር፣ እስኪጨልም ተቀመጥን።

ይቅር ተባባሉ እንዳልልሽ፣ እንዲያ ያለ ቃል ሲወጣቸው አልሰማሁም። ግን በሚቀጥለው አርብ ስመጣ ልብስ ሰፊው መስኮት ላይ ዳቦ ተቀምጦ አየሁ። በሌላኛው አርብ ዳቦ ጋጋሪው የተቀደደ ሱሪውን ራሱ ይዞ ሄዶ፣ “ይህን ጣል ጣል አድርግልኝ” ሲለው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ በመሐላቸው መልእክት የሚልከኝ አልነበረም። ደስ ብሎኛል። ግን ደግሞ፣ ትስቂብኝ ይሆናል፣ ግቢው ውስጥ ስገባ ስሜን የሚጠራ ሰው ሲጠፋ የሆነ ነገር ጎደለኝ።

ዋንጫው በሚቀጥለው ዓመትም ተደረገ። ቡድኖቹ ግን ሳሱ። ስደተኛው ሦስተኛ አገር እየተባለ መሄድ ጀምሮ ነበር። አንድ አርብ አማካዩ የለም፤ ስዊድን ገባ። ሌላ አርብ ሁለቱ ወንድማማቾች የሉም፤ አውስትራሊያ። ኡስታዝ ባሮንና በሽሎን አንድ ላይ አደረገ፤ ኋላ ተከዜንና አዋሽን። ያን የሚያህል ሰው ሲገዳደል የኖረበት ነገር፣ ሰው ሲያንስ አንድ ቡድን መሙላት አቅቶት ተዋሐደ። ልብስ ሰፊው የሄደው ያኔ ነው። የስፌት መኪናውን ለዳቦ ጋጋሪው ተወለት፤ ዳቦ ጋጋሪው መስፋት አይችልም ነበር።

ኡስታዝ የትም አልሄደም። ስንት ጊዜ ተጠይቆ፣ “ዋንጫውን ማን ይይዘዋል?” እያለ ይቀልድ ነበር። ካርቱም አርጅቶ፣ ካርቱም ተቀበረ። ዋንጫው እኔ ዘንድ ቀርቶ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ቤት ጥዬ ስወጣ ቁም ሳጥን ላይ ነበር፤ ስመለስ ቁም ሳጥኑም አልነበረም። ቆርቆሮ ነው፣ ለማንም አይጠቅምም። አሁን አሁን ስለጠፋ ዕቃ ማዘንም አቅም ይጠይቃል፤ እኔ ደግሞ አቅሜን ለውኃው ነው የማስቀረው። ማሊሽ፣ እላለሁ፣ ይሁን።

የመጨረሻውን አርብ ነው ልነግርሽ የፈለግኩት።

በሦስተኛው ዓመት ኡስታዝ እንደ ልማዱ መስመሩን በኖራ አሰመረ። ዋንጫውን በላስቲክ ከረጢት ይዞ መጣ። ጠበቅን። ሁለት ሦስት ሽማግሌዎች መጡ፣ ትንሽ ቆመው ሄዱ። አክስቴ ታማ ተኝታ ነበር። በስተመጨረሻ ሜዳው ላይ የቀረነው ኡስታዝ፣ ዳቦ ጋጋሪውና እኔ ሆንን። የዳቦ ጋጋሪውም ወረቀት ደርሶ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት ካናዳ ይሄዳል። እኔ ይህን ካወቅኩ በኋላ ዳቦ ሲሸተኝ መብላት ያቅተኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱም።

“ዘንድሮም ይደረጋል” አለ ኡስታዝ። “በረኛ፣ ጎልህ ግባ።”

ዳቦ ጋጋሪው ሳይከራከር ገብቶ ቆመ። ኡስታዝ ኳሱን ነጥቡ ላይ አስቀመጠና ወደ እኔ ዞረ።

“ያላ፣ ምቺ።”

“እኔ?”

“ታዲያ ማን አለ?”

ሴት ልጅ፣ በቶብ፣ ሜዳ መሐል! እንኳን ያኔ አሁንም የሚደረግ አይደለም። ግን ዙሪያዬን ሳይ የሚያየኝ ሰው አልነበረም። ነጠላ ጫማዬን አወለቅኩ። አፈሩ ያቃጥላል። የቶቤን ጫፍ ወገቤ ላይ አሰርኩ። ቀና ስል ዳቦ ጋጋሪው ጉልበቱን አጠፍ አድርጎ፣ እጆቹን ዘርግቶ፣ ልክ እንደዚያ እንደ መጨረሻው ጨዋታ አፍጥጦ ይጠብቀኛል። አልሳቀም። በሕይወቴ አንድ ወንድ እንደዚያ ሙሉ ልቡን ሰጥቶ አይቶኝ አያውቅም።

መታሁ። እሱ በቀኙ በኩል ተወርውሮ ወደቀ፣ አቧራው ቦነነ። ኳሱ በግራው በኩል ገባ። ኡስታዝ ፊሽካውን ነፍቶ ዋንጫውን ከነከረጢቱ አስታቀፈኝ።

ዳቦ ጋጋሪው ጉልበቱን እያራገፈ ሲመጣ፣ “አውቀህ ነው የወደቅከው አይደል?” አልኩት።

“ለበረኛ እንዲህ አይባልም” አለኝ። “ጎበዝ መቺ ነሽ። አታልለሽኝ ነው።”

በሳምንቱ ሄደ። እንዲህ ያለኝን ይዤ ብዙ ዓመት ኖርኩ። ዝም ብዬ ደረጃ ላይ ስቀመጥ ግን ኳሷ ትታየኛለች። ያቺ ኳስ አልበረረችም፤ እየተንከባለለች፣ ጠጠር ላይ እየተንገጫገጨች፣ ቀስ ብላ ነበር መስመሩን ያለፈችው። ሕፃን ልጅ የሚይዛት ኳስ ነበረች።